ባለ ሁለት አፉ ምላጭ

ምላጭ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ተማሪ እርሳሱን ይቀርጽበታል፣ ልብስ ሰፊ የተበላሸ ስፌት ይፈታበታል፣ እናቶች የልጆቻቸውን ጥፍር ይቆርጡበታል። በየሰፈሩ ሱቅ በፍሬ ይሸጣል። በቀጭን ወረቀት የተጠቀለለው ይህ ብረት ግን የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው፤ እጀታ ላይ ታስሮ፣ በብሩሽ የተመታ የሳሙና አረፋ እየጠረገ ጺም ሊላጭ። እኔ እንደማምነው፣ እንደ እኛ ጥቅልል ጺም ላለው ሰው እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ መላጫ አልተሠራም።

ምላጩን ከወረቀቱ አውጥታችሁ ብታዩት ውፍረቱ የሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ነው። በጣት ሲይዙት ይተጣጠፋል። እንዲህ ያለ ስስ ብረት ብቻውን ፊት ላይ ቢያርፍ ይንቀጠቀጣል፣ ቆዳም ይቆርጣል። መላጫው ይህን የሚፈታው ምላጩን በማጉበጥ ነው። የተለመደው መላጫ ሦስት ቁራጭ አለው፤ ቆብ፣ መደብና እጀታ። ምላጩ በቆቡና በመደቡ መካከል ገብቶ እጀታው ሲጠብቅ እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ ስስ ብረት ሲጎብጥ ደግሞ ይጠነክራል። አንድ ወረቀት በጫፉ ብትይዙት ይዝለፈለፋል፤ መሐሉን ትንሽ ብታጎብጡት ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ነገሩ ያው ነው። የመደቡ ጠርዝ ከምላጩ አፍ እየቀደመ ቆዳውን ይጫናል፤ ስለቱም ጥቂት ብቻ ወጣ ይላል። ጉሮሮ አካባቢ ያለ ስጋት መላጨት የተቻለው በዚህች ጥቂት ክፍተት ነው።

ሐሳቡ የመጣው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ለሚባል አሜሪካዊ ሻጭ ነው። ጂሌት የሚሠራው የጠርሙስ ቆርኪ በሚያመርት ኩባንያ ነበር። የቆርኪው ፈጣሪ ዊሊያም ፔንተር፣ ሰው አንድ ጊዜ ተጠቅሞበት የሚጥለውና ተመልሶ የሚገዛው ነገር እንዲፈልግ መከረው። በ1895 እ.ኤ.አ. አንድ ማለዳ ሲላጭ ምላጩ ደንዞ አገኘው፤ ተስሎ የማይመለስ፣ የሚጣል ስስ ምላጭ ያን ጊዜ ታየው። ከዚያ በፊትም ጠርዙ የተከለለ መላጫ ነበረ፤ የካምፕፌ ወንድማማቾች በ1880 ኒው ዮርክ ውስጥ አውጥተውታል። ምላጩ ግን ወፍራም ስለነበር ዘወትር መሳል ያስፈልገው ነበር። የብረት ሥራ አዋቂዎች ደግሞ ያን ያህል ስስ ብረት እሳት አይችልም፣ ይጣመማል ብለው ጂሌትን መለሱት። መላውን ያገኘው ኢንጂነሩ ዊሊያም ኒከርሰን ነው። በ1903 የተሸጡት 51 መላጫዎችና 168 ምላጮች ብቻ ነበሩ። በ1918 የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫ አዘዘ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱትም ልማዱን ይዘው ቤታቸው ገቡ።

ሰው ሁሉ የሚያየው ምላጩን ነው። ለእኔ ግን የመላጨቱ ሥራ ትልቁ ክፍል የሚያልቀው ምላጩ ፊት ሳይነካ በፊት ነው። ደረቅ ጺም ጠንካራ ነው። በ2020 ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጠጉር ከምላጩ ብረት 50 ጊዜ ያህል የለሰለሰ ሆኖ ሳለ ስለቱን እንዴት እንደሚሸራርፈው በማጉያ መሣሪያ ተከታትለው አሳይተዋል። ውኃ የጠጣ ጠጉር ግን ይለሰልሳል። ለዚህ ነው ፊት በሙቅ ውኃ የሚታጠበው፤ ለዚህም ነው ብሩሽ የሚያስፈልገው። ብሩሹ ውኃውን ይዞ፣ ሳሙናውን እየመታ፣ የተኛውን ጺም እየቀሰቀሰ ሥሩ ድረስ ያርሰዋል።

የጺም ሳሙና ከልብስ ሳሙና የተለየ ነው። የልብሱ አረፋ ትልልቅ ሆኖ ወዲያው ይከስማል። የጺሙ ስቴሪክ አሲድ የሚባለው የስብ ክፍል በብዛት አለው፤ የሚሠራውም በሶዲየም ብቻ ሳይሆን በፖታሲየምም ጭምር ስለሆነ አረፋው ደቃቅ፣ ወፍራምና ውኃ ያዥ ይሆናል። እርጎ ሲመስል ደርሷል። ቢፈስ ውኃ በዝቶበታል፣ ቢደርቅ ደግሞ አንሶታል፤ ጥቂት ጠብታ እየጨመሩ መምታት ነው።

ብሩሽ ስትገዙ ከምን እንደተሠራ ጠይቁ። ምርጥ የሚባለው ባጀር ከሚባል አውሬ ጠጉር ይሠራል፤ ረከስ ያለው ብዙ ጊዜ የአሳማ ጠጉር ነው። በሃይማኖቱ ምክንያት አሳማ የማይነካ ሰው ሰው ሠራሹን ቢይዝ ምንም አይጎድልበትም፤ ቶሎም ይደርቃል። የብሩሽ ጠጉር ክፉ ታሪክም አለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በደንብ ሳይጸዳ የቀረ የፈረስ ጠጉር ብሩሽ ላይ ሲሰፋ፣ ከ200 በላይ የእንግሊዝና የአሜሪካ ወታደሮችና ሲቪሎች አባ ሰንጋ ይዟቸዋል። ገበሬው ከከብት የሚያውቀው ያው አባ ሰንጋ መሆኑ ነው።

መላጨቱ ራሱ አጭር ነው። እጀታውን ወደ 30 ዲግሪ ዘንበል አድርጎ፣ በሌላው እጅ ቆዳውን ወጠር አድርጎ፣ ጺሙ በበቀለበት አቅጣጫ በአጭር በአጭሩ መሳብ። አለመጫን! መላጫው ከብረት የተሠራ ስለሆነ የራሱ ክብደት ይበቃዋል። አንገት ላይ ጺም አቅጣጫው ስለሚዘበራረቅ አስቀድሞ በጣት መዳበስ ይጠቅማል።

እኔ ወደዚህ መላጫ የመጣሁት አንገቴ ቆስሎ ነው። ለዓመታት ብዙ ምላጭ የተደረደረበት የፕላስቲክ መላጫ ስጠቀም፣ በነጋታው ሽፍታ ይወጣብኝ ነበር፤ ቆዳዬ ደካማ ነው ብዬም አመንኩ። ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር። ከ1971 ወዲህ የተስፋፉት እነዚያ መላጫዎች ጠጉሩን ሳብ አድርገው ከቆዳው በታች ይቆርጡታል። ቀጥ ያለ ጠጉር ተመልሶ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጥቅልሉ ግን ዞሮ ራሱን ቆዳ ውስጥ ይወጋል፤ ሽፍታውና ጠባሳው የዚያ ውጤት ነው። አንድ ስለት፣ አንድ ጊዜ፣ በበቀለበት አቅጣጫ ሲላጭ ጠጉሩ ከቆዳው እኩል ይቀራል። እጅ ሲዳብሰው ትንሽ ይሻክራል፤ እኔ ሻካራውን መረጥኩ፣ አንገቴም ዳነ።

አንድ ምላጭ ለጥቂት ጊዜ ያገለግላል፤ ጠጉሩን መጎተት ሲጀምር ይቀየራል። ለወንድምም ቢሆን አይዋስም፤ ደም የነካ ስለት በሽታ ያስተላልፋል። አወጋገዱን በተመለከተ፣ በድሮ የአሜሪካ ቤቶች መታጠቢያ ክፍል፣ ከመስታወቱ ጀርባ ባለው ሳጥን ውስጥ ቀጭን ቀዳዳ ነበረች። የደነዘው ምላጭ በእሷ በኩል ግድግዳው ውስጥ ይወድቃል፣ እዚያው ይቀራል። ዛሬ ግድግዳው ሲፈርስ የአያቶች ምላጭ ዝጎ፣ ተከምሮ ይገኛል። እኔ የባዶ ወተት ጣሳ ክዳን ሰንጥቄ ልጆች የማይደርሱበት ከፍ ያለ ቦታ አኑሬያለሁ።