የወረታ–ወልዲያ መንገድና ሁለቱ የቻይና ዘመናት

ከወረታ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በዓለም በር፣ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልዲያ የሚገባው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አገሬው የቻይና መንገድ ይለዋል። ሥራው የተጀመረው በ1967 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን ያለቀው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። እንግዲህ ቻይና ወደ ኢትዮጵያ የመጣችው ከአዲስ አበባው የቀለበት መንገድ ጋር ነው የሚለው የተለመደ ገለጻ ከሃያ ዓመት በላይ ይስታል። ይህ ስህተት ደግሞ ሌሎች ስህተቶችን ይወልዳል።

መነሻው ፖለቲካ ነበር። የቃኘው ሻለቃ በኮሪያ ከቻይና ጦር ጋር ተታኩሷል፤ ጃንሆይም ለቤጂንግ ዕውቅና ለመስጠት ጊዜ ወስደዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤን-ላይ በጥር 1956 ሲመጡ ንጉሠ ነገሥቱ የተቀበሏቸው አስመራ ላይ ነበር። ይፋዊ ግንኙነት የተመሠረተው በኅዳር 1963 ነው። በመስከረም 1964 ንጉሠ ነገሥቱ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ፤ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ወለድ የሌለው ብድርም ተፈቀደ። ጥቅምት 14 ቀን 1964 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ወንበሩን ከታይዋን ወስዶ ለቤጂንግ ሲሰጥ ኢትዮጵያ ደግፋ ድምፅ ሰጠች።

መንገዱ የተሠራበት ይህ ብድር በወረታ ዙሪያ ያለው የፎገራ ሜዳ ገበሬ ለሩዝ አረም ከሚገባው ወንፈል ጋር ይመሳሰላል። በወንፈል ወለድ የለም፤ ዛሬ የሠራ ሰው ተራው ሲደርስ ይሠራለታል። እዚህ ግን አንዱ ወገን የሰጠው መንገድ፣ ሌላው የመለሰው ደግሞ ድምፅ ነው። የጠሪው ቤት ሲፈርስስ? ንጉሡ በመስከረም 1967 ወረዱ። ደርግ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ወደ ሞስኮ ዞረ፤ ሞስኮና ቤጂንግ ደግሞ ዓይንና ናጫ ነበሩ። ወንፈልተኛው ግን ከራሱ ጠላት ጋር የዋለውን ጎረቤት ማሳ ሳይጨርስ አልሄደም። ግንኙነቱ ቀዝቅዞም መንገዱ ወልዲያ ደረሰ።

የተሠራው ጠጠር መንገድ ነበር፤ አስፋልቱ በኋላ መጣ። ሥራውን ለማድነቅ የወረታን ዙሪያ አፈር ማየት ይበቃል። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል፤ ተቆርጦ ካልወጣ ወይም በድንጋይና በገረጋንቲ ካልተሸፈነ የላዩን መንገድ ይቀደዋል። ሜዳው እንዳለቀ ደግሞ መንገዱ ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያም የጉናን ጥግ ይዞ ወደ ጋይንት ይዘልቃል።

ሁለተኛው ዘመን ሌላ ነው። ዋናው አበዳሪ የቻይና ኤግዚም ባንክ ነው፤ ባንክ ስለሆነም ወለድ ይጠይቃል፣ ሥራው ለቻይና ተቋራጭ እንዲሰጥም ያስገድዳል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚወስደው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የባቡር መስመር በ2009 ሲመረቅ ከወጪው 70 በመቶ ያህሉን የሸፈነው ይኸው ብድር ነበር። ይህን «ወንድማማችነት» ማለት ወንፈልን ከአራጣ መቀላቀል ነው።

«የዕዳ ወጥመድ» የሚለውም ከዚህ አይሻልም። ወጥመድ ሆን ተብሎ ይጠመዳል፤ የተያዘውንም ይነጥቃል። ኢትዮጵያ መክፈል ሲያቅታት ግን ሐዲዱ አልተነጠቀም፤ በ2010 ማብቂያ የመክፈያው ጊዜ ከ10 ወደ 30 ዓመት ተራዘመ። በታኅሣሥ 2016 ሳይከፈል የቀረው 33 ሚሊዮን ዶላርም የዩሮ ቦንድ ወለድ ነበር፤ የቦንዱ ባለቤቶች ደግሞ የግል ባለሀብቶች እንጂ ቤጂንግ አይደለችም። ሊነቀፍ የሚገባው ሌላ ነው፦ የብዙዎቹ ውሎች ዝርዝር ለሕዝብ አለመገለጡ።

ኢትዮጵያ ለመንግሥታት ያለባትን ዕዳ የሚደራደረውን የአበዳሪዎች ኮሚቴ በጋራ የመሩት ቻይናና ፈረንሳይ ናቸው። ኮሚቴው ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነውን ዕዳ ስለማሸጋሸግ የመግባቢያ ሰነድ ላይ የደረሰው በሰኔ 2017 ነው፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አበዳሪ ከኢትዮጵያ ጋር የየራሱን ውል ይፈራረማል።