የጓሳ ሣር በቆርቆሮ ዘመን

ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ላይ ቤት የሚከድን ሰው የሣር ዓይነት አያማርጥም ነበር፤ ያለው ጓሳ ነው። ቀጭንና ጠንካራ ነውና ጣሪያ ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ፍራሽም ይሞላበታል። ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ሲሉ የሚገኘው የጓሳ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል፤ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በአገራችን የተፈጥሮ ጥበቃ ሲባል ብዙ ጊዜ ትእዛዙ የሚወርደው ከላይ ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ከሰውና ከከብት ጫና ይረፍ ተብሎ የግጭ መንደር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ተነሥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ጓሳን ግን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያቆየው፣ ቄሮ የተባለው ሜዳውን የመዝጋትና የመክፈት ባህላዊ ሥርዓት ሰውን አላስወጣም፤ ጠባቂዎቹ ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ነበሩ።

ሜዳው የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ዘር ነን የሚሉ ወገኖች የጋራ ርስት ነበር። አባ ቄራ የሚባለው፣ እነሱ የሚመርጡት አለቃ ሣሩ እንዲያገግም ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት በተከታታይ ይዘጋው ነበር። በዚያ መሐል ማጭድ ይዞ የገባ ወይም ከብት ያሰማራ ይቀጣል። ሣሩ ደረሰ ሲባል የሚከፈትበት ቀን በገበያና በቤተ ክርስቲያን ይነገራል፤ ባለመብቱ ሁሉ ማጭዱን ስሎ ይወጣል። በእኔ ግምት የቄሮ ትልቁ ብልሃት ከመዝጋቱ ይልቅ መክፈቱ ላይ ነው። ጎረቤቱ ተደብቆ ሲያጭድ ያየ ሰው ዝም የማይለው፣ የሚጎድለው የራሱ ድርሻ እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው።

ያም ሆኖ ሥርዓቱን ማሞካሸት አያስፈልግም። ከአስቦና ከጌራ የማይወለድ ሰው ዳር ቆሞ ተመልካች ነበር። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ለዚህ ሰው ፍትሕ ሆነለት፤ ለሣሩ ግን አልሆነለትም። አባ ቄራው ሲሻር በቦታው የተተካ ስላልነበረ ከብቱም ማጭዱም ያለ ቀጠሮ ገባ። ችግሩን ያዩት የአካባቢው ገበሬ ማኅበራት ናቸው፤ ኮሚቴ አቋቁመው መዝጋቱንና መክፈቱን መለሱት፣ ያውም የትውልድ ሐረግ ሳይቆጥሩ። የአማራ ክልል ስፍራውን በማኅበረሰብ የሚተዳደር ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ ያጸናው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ማለት ይቻላል።

የተረፈው ሣር ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ከቀሩት፣ ቁጥራቸው 500 ከማይሞላው አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ጥቂቶቹ እዚህ ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጓሳ ጥናት እንደመዘገበው፣ ቀበሮው የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መሐል ገብቶ ረጋ ብሎ ሲራመድ ጭላዳዎቹ አይበረግጉም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን ከመንካት ይታቀባል። በዚህ ሁኔታ አይጥ ለመያዝ ካደረጋቸው ሙከራዎች 67 በመቶው ሲሳኩለት፣ ብቻውን ሲያድን የተሳኩለት 25 በመቶው ብቻ ናቸው።

አሁን የመጣው ፈተና ቆርቆሮ ነው። ክዳኑን የቀየረ ገበሬ አይወቀስም፤ ቆርቆሮ በየጊዜው ክዳን ከማደስ ያሳርፋል። ነገር ግን ሣሩ ካልተፈለገ ሰው ማጭድ ይዞ የገባውን ጎረቤቱን ለምን ይከሳል? መሬት ያጣ ወጣት ደግሞ ሜዳውን ሲያይ የሚታየው የገብስ ማሳ ነው። የሣሩን ጥቅም ይተካል የተባለው የጎብኚ ገቢ ነበር፤ ለዚያም የማኅበረሰቡ ሎጅ ተሠራ። ሰሜን ሸዋ ግን ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ከጦርነትና ከስጋት አላረፈም፤ የጎብኚም እግር ራቀ።

እንግዲህ ክልሉም ሆነ ስለ ቀይ ቀበሮ የሚጨነቁ ለጋሾች ጎብኚው እስኪመለስ የሜዳውን ቅጥር ጠባቂዎች ደመወዝ ይሸፍኑ። መቼ ይዘጋ፣ መቼ ይከፈት የሚለው ውሳኔ ግን ከመንዝ ገበሬ እጅ አይውጣ፤ አንድ ጊዜ ወጥቶ የሆነውን አይተናል።