ለቤተሰብ የዕረፍት ጉዞ አየር መንገድንና መነሻ አውሮፕላን ማረፊያን በጥንቃቄ ስለመምረጥ

በውጭ ሀገራት የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የገናና የጥምቀት በዓላት ሲቃረቡ ዕረፍታቸውን ከዘመድ አዝማድ ጋር ለማሳለፍ ወደ ሀገር ቤት ይጓዛሉ። ከእነዚህ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ሕፃናትንና አረጋውያንን ይዘው፣ ለወራት ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለአየር ትኬት ከፍለው የሚመጡ ናቸው። ብቻውን ለሚጓዝ ሰው የጥቂት ሰዓታት መዘግየት ከድካም የዘለለ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። ለአምስት ወይም ለስድስት የቤተሰብ አባላት ግን ተያያዥ በረራ ማምለጥ፣ ያልታሰበ የሆቴል ወጪና የጠፋ ሻንጣ ማለት ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ ጥር 10 ቀን ከተራን ጥር 11 ቀን ጥምቀትን በጎንደር ለማክበር የተነሣ ቤተሰብ ሁለት ቀን ቢዘገይ በዓሉ አይጠብቀውም።

የትኬት ምርጫ በአብዛኛው የሚከናወነው በዋጋ ንጽጽር ብቻ ነው። አየር መንገዱ በአንድ በኩል፣ የሚነሡበት አውሮፕላን ማረፊያ በሌላ በኩል ተነጣጥለው ይታያሉ። ሆኖም የጉዞው ደኅንነት፣ የመዘግየት ዕድሉ፣ የሚያስፈልገው ቪዛ፣ እንዲሁም ችግር ሲደርስ ተጓዡ የሚኖረው መብት የሚወሰኑት በሁለቱ ጥምረት ነው። ስለዚህ ሁለቱን እንደ አንድ ውሳኔ አብሮ መመዘን ይገባል።

ከዋጋ በፊት ደኅንነትን ማረጋገጥ

የአንድን አየር መንገድ ደኅንነት በማስታወቂያው ወይም በአውሮፕላኖቹ አዲስነት ብቻ መለካት አይቻልም። እያንዳንዱ አየር መንገድ ፈቃድ በሰጠው ሀገር የሲቪል አቪዬሽን ተቋም ቁጥጥር ሥር ነው። በሀገራችን ይህን ኃላፊነት የሚወጣው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ተቆጣጣሪ ተቋማት የሚመሩባቸውን መሠረታዊ ደረጃዎች የሚያወጣው ደግሞ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ነው።

ማንኛውም ተጓዥ ያለ ክፍያ ሊመለከታቸው የሚችላቸው ሦስት የመረጃ ምንጮች አሉ። የመጀመሪያው የአውሮፓ ኅብረት በክልሉ እንዳይበሩ ያገዳቸውን ወይም ገደብ የጣለባቸውን አየር መንገዶች የሚዘረዝርበት ሰነድ ነው። ይህ ዝርዝር እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የሚወጣ ሲሆን በየጊዜው ይሻሻላል። ሁለተኛው የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የሚያካሂደው ምዘና ነው። ይህ ምዘና የሚመለከተው አየር መንገዶችን ሳይሆን የሚቆጣጠሯቸውን ሀገራት ሲሆን፣ ዓለም አቀፍ ደረጃን ያሟሉትን ምድብ 1፣ ያላሟሉትን ምድብ 2 ብሎ ይለያል። ሦስተኛው የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የአሠራር ደኅንነት ኦዲት መዝገብ ነው። ኦዲቱ በየሁለት ዓመቱ ስለሚታደስ የአየር መንገዱ ምዝገባ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። አንድ አነስተኛ አየር መንገድ በዚህ መዝገብ ውስጥ አለመኖሩ ብቻውን የደኅንነት ጉድለት ማስረጃ አይሆንም። በታገዱት ዝርዝር ውስጥ ከተገኘ ግን ምርጫው እዚያ ላይ ማብቃት አለበት።

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ትኬቱን የሸጠውና አውሮፕላኑን የሚያበረው አየር መንገድ የተለያዩ ሊሆኑ መቻላቸው ነው። አየር መንገዶች በስምምነት አንዱ በሌላው የበረራ ቁጥር ትኬት ይሸጣሉ። በመሆኑም በትኬቱ ላይ በረራውን በተግባር የሚያከናውነው ማን እንደሆነ ማንበብ፣ ካልተጻፈም የጉዞ ወኪሉን መጠየቅ ይገባል። የደኅንነት ማጣራቱ መደረግ ያለበት በዚህኛው አየር መንገድ ላይ ነው።

ሰዓት አክባሪነትና የበረራ ድግግሞሽ

በአቪዬሽን ዘርፍ አንድ በረራ በሰዓቱ ደረሰ የሚባለው በአብዛኛው ከተያዘለት ሰዓት በ15 ደቂቃ ውስጥ ሲደርስ ነው። የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በሀገሩ ውስጥ የሚበሩ ዋና ዋና አየር መንገዶችን የመዘግየት፣ የስረዛና የሻንጣ አያያዝ መረጃ በየወሩ ይፋ ያደርጋል። ከአሜሪካ የሚነሣ ቤተሰብ የመጀመሪያውን የሀገር ውስጥ በረራ ሲመርጥ ይህን መረጃ ሊጠቀምበት ይችላል።

ሆኖም ለቤተሰብ ከሰዓት አክባሪነት ያላነሰ ክብደት ያለው የበረራ ድግግሞሽ ነው። በየቀኑ የሚበር አየር መንገድ አንድ በረራ ቢሰርዝ በማግሥቱ ሌላ ይኖረዋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚበር ከሆነ ግን የአንድ ቀን ስረዛ የሦስትና የአራት ቀን መጉላላት ሊያስከትል ይችላል። በበዓል ሰሞን መቀመጫዎች አስቀድመው ስለሚያዙ ለአምስት ሰው በአንድ ጊዜ የሚሆን ቦታ ማግኘት ይበልጥ ይከብዳል። ርካሽ ትኬት ሲቀርብ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚበር መጠየቅ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

የመነሻ አውሮፕላን ማረፊያ አመራረጥ

በታላላቅ ከተሞች አካባቢ ከአንድ በላይ አውሮፕላን ማረፊያ ይገኛል። በዋሽንግተን ዙሪያ ደለስ፣ ሬገንና ባልቲሞር የሚባሉ ሦስት ማረፊያዎች ሲኖሩ፣ ረጅም ርቀት የሚሸፍኑ ዓለም አቀፍ በረራዎች በብዛት የሚነሡት ከደለስ ነው። በለንደን ሂትሮውና ጋትዊክን ጨምሮ በርካታ ማረፊያዎች አሉ። ኢስታንቡል አንዱ በአውሮፓ፣ ሌላው በእስያ ወገን የሚገኙ ሁለት ማረፊያዎች አሏት። በመሆኑም በትኬቱ ላይ የከተማውን ስም ብቻ ማየት በቂ አይደለም። አንዱ በረራ የሚያርፍበትና ቀጣዩ የሚነሣበት ማረፊያ የተለያዩ ከሆኑ ቤተሰቡ ሻንጣውን ተረክቦ ከተማ አቋርጦ መጓዝ ይኖርበታል።

ሩቅ ከሆነ ማረፊያ መነሣት አንዳንድ ጊዜ ትኬቱን ያረክሳል። ለምሳሌ በሜሪላንድ የሚኖር አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ከኒውዮርክ አካባቢ ቢነሣ በሰው 60 ዶላር የሚቀንስለት ቢሆን፣ በድምሩ 300 ዶላር ያተርፋል። በአንጻሩ የመሄጃና የመመለሻ ነዳጅ፣ የመንገድ ክፍያ፣ ለሦስትና ለአራት ሳምንታት የመኪና ማቆሚያ፣ ምናልባትም አንድ የሆቴል አዳር ሲደመሩ ትርፉ በቀላሉ ይጠፋል። ንጽጽሩ መደረግ ያለበት ከቤት ደጃፍ እስከ ማረፊያ ቤት ባለው ጠቅላላ ወጪና ጊዜ ነው።

የአየር ጠባይም ሊታሰብበት ይገባል። ገናና ጥምቀት የሚውሉት በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ክረምት በሚበረታበት ወቅት ነው። እንደ ሚኒያፖሊስ፣ ዴንቨርና ቺካጎ ባሉ ከተሞች በረዶ ሲጥል አውሮፕላኖች ከመነሣታቸው በፊት የክንፋቸው በረዶ መወገድ ስላለበት መዘግየት የተለመደ ነው። በቀጥታ በረራ ወደ አዲስ አበባ መምጣት የሚቻልበት አማራጭ ካለ አንድ የመዘግየት ምክንያት ይቀንሳል። መሸጋገር የግድ ከሆነ በዚህ ወቅት በሁለቱ በረራዎች መካከል የሚኖረው ጊዜ ሰፋ ያለ ቢሆን ይመረጣል።

የመልስ ጉዞው ከመምጫው ሊረዝም እንደሚችልም መገንዘብ ያስፈልጋል። ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ የሞተሩ ኃይልና ክንፉ አውሮፕላኑን የማንሣት አቅሙ ይቀንሳል። አውሮፕላኑ ሙሉ መንገደኛና ለረጅሙ ርቀት የሚበቃ ነዳጅ በአንድ ላይ ይዞ መነሣት ስለሚቸግረው፣ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ በረራዎች በመንገድ ላይ የሚያርፉበት አሠራር አለ። ሕፃናት የያዘ ቤተሰብ የመልሱን ጠቅላላ ሰዓት ለይቶ ቢያይ ለምግብ፣ ለመድኃኒትና ለዳይፐር በቂ ዝግጅት ያደርጋል።

በአንድ ትኬት መጓዝ የሚሰጠው ዋስትና

ሁሉም በረራዎች በአንድ ትኬት ውስጥ ሲካተቱ፣ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ ተጓዡን ወደ መጨረሻ መዳረሻው የማድረስ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። ትኬቶቹ ለየብቻ የተገዙ ከሆነ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ ተጓዡን እንደቀረ ሊቆጥረው ይችላል፤ ቤተሰቡም አዲስ ትኬት በዕለቱ ዋጋ ለመግዛት ይገደዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ ድሬዳዋ ወይም አርባ ምንጭ የሚቀጥሉ ቤተሰቦች የሀገር ውስጡን በረራ ከዓለም አቀፉ ጋር በአንድ ትኬት ቢያስይዙ ይመከራል። ይህ ካልተቻለ በቦሌ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሂደቱን ታሳቢ በማድረግ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት ማደር ከኪሳራ ይጠብቃል።

የመሸጋገሪያ ቪዛ

የአንድ ቤተሰብ አባላት የተለያየ ሀገር ፓስፖርት ሊይዙ ይችላሉ። ልጆቹ የአሜሪካ ወይም የጀርመን፣ ወላጆቹ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሲይዙ ለልጆቹ የሚቻለው መሸጋገሪያ ለወላጆቹ ላይቻል ይችላል። ኢትዮጵያ በሼንገን ሀገራት አውሮፕላን ማረፊያዎች ለመሸጋገር ብቻ እንኳ ቪዛ ከሚጠየቅባቸው ሀገራት አንዷ ናት። ዩናይትድ ኪንግደምም ተመሳሳይ ቪዛ ትጠይቃለች። አሜሪካ ደግሞ ለመሸጋገርም ቢሆን ቪዛ ታስገድዳለች። የተወሰኑ ሀገራት የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚሆኑበት ሁኔታ አለ። የእያንዳንዱን አባል ሰነድ ሳያጣሩ ትኬት መቁረጥ በመነሻው ማረፊያ ላይ ቤተሰቡን ለሁለት ሊከፍል ይችላል።

የተጓዡን መብት የሚወስነው ሕግ

በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ከኅብረቱ አባል ሀገር የሚነሣ ማንኛውም በረራ፣ አየር መንገዱ የየትም ሀገር ቢሆን፣ በደንቡ ይሸፈናል። ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ የሚበር መንገደኛ በአየር መንገዱ ምክንያት ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ቢደርስ እስከ 600 ዩሮ ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ሲመለስ ግን ደንቡ የሚሠራው በረራውን የሚያከናውነው አየር መንገድ የኅብረቱ ከሆነ ብቻ ነው። የካሳው መጠን ለእያንዳንዱ መንገደኛ በመሆኑ ለቤተሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

በአሜሪካ ደንብ ደግሞ ዓለም አቀፍ በረራ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ቢዘገይ ወይም መነሻው ወደ ሌላ ማረፊያ ቢቀየር፣ ተጓዡ ጉዞውንና የቀረበለትን አማራጭ ካልተቀበለ ገንዘቡ ይመለስለታል።

ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት እ.ኤ.አ. የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት ለሻንጣ ጉዳትና ለመዘግየት የሚከፈለውን ካሳ ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ለሻንጣ የተቀመጠው ጣሪያ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ልዩ የገንዘብ መሳቢያ መብት፣ ማለትም በግርድፉ 2 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ነው። የተጎዳ ሻንጣ በተረከቡ በ7 ቀናት፣ የዘገየ ሻንጣ ደግሞ በእጅ በገባ በ21 ቀናት ውስጥ አቤቱታው በጽሑፍ ካልቀረበ መብቱ ይቀራል። ሻንጣው ጉዳት ደርሶበት ወይም ሳይመጣ ሲቀር ከማረፊያው ሳይወጡ ማስመዝገብና የሻንጣውን ቁጥር የያዘውን ወረቀት ማስቀመጥ ለዚሁ ይረዳል።

ትኬት ከመቆረጡ በፊት ሊረጋገጡ የሚገባቸው ነጥቦች

• በረራውን በተግባር የሚያከናውነው አየር መንገድ ማን እንደሆነና በእገዳ ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩ፤
• በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚበርና ቢሰረዝ ቀጣዩ በረራ መቼ እንደሆነ፤
• የመነሻ፣ የመሸጋገሪያና የመድረሻ ማረፊያዎች ሙሉ ስም፤
• ሁሉም በረራዎች በአንድ ትኬት ውስጥ መካተታቸው፤
• የእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ፓስፖርት፣ የመግቢያና የመሸጋገሪያ ቪዛ፤
• በትኬቱ ላይ ያለው ስም፣ የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተልን ጨምሮ፣ ከፓስፖርቱ ጋር መመሳሰሉ፤
• ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በጉዞው መካከል ሁለት ዓመት የሚሞላው ከሆነ ለመልሱ መቀመጫ መያዙ፤
• አንድ ወላጅ ብቻውን ከልጆች ጋር ሲጓዝ የሌላው ወላጅ የጽሑፍ ስምምነት መያዙ፤
• ለአረጋውያን የተሽከርካሪ ወንበር አገልግሎት አስቀድሞ መጠየቁ።

እነዚህን ነጥቦች ለማጣራት የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ምሽት አይበልጥም። ሁለት ትኬቶች በእነዚህ ሁሉ እኩል ሆነው ሲገኙ ዋጋው የተሻለውን መምረጥ ተገቢ ነው። እኩል ካልሆኑ ግን የዋጋው ልዩነት ለምን ዓይነት ስጋት እንደሚከፈል ቤተሰቡ ተመካክሮ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።