ጥሩር የለበሰው ናፍቆት

ካርቱን የሚለው ቃል የፖለቲካ ፌዝን ትርጉም ያገኘው ከመደብ ቅራኔ መካከል መሆኑን ለአንባብያን ማስታወስ እንወዳለን።

እ.ኤ.አ. በ1834 የተቃጠለውን ፓርላማ የእንግሊዝ ገዥ መደብ በመካከለኛው ዘመን የጎቲክ ስልት ዳግም ሲያሠራ፣ ግድግዳውን በጥንት ነገሥታትና ጀግኖች ታሪክ ለማስጌጥ የሠዓሊዎች ውድድር አወጣ። ለግድግዳ ሥዕል አስቀድሞ በትልቅ ወረቀት ላይ የሚነደፈው ረቂቅ ያን ጊዜ ካርቱን ይባል ነበር። ረቂቆቹ በ1843 በዌስትሚኒስተር አዳራሽ ለሕዝብ ታዩ። ልብ እንበል! ከአንድ ዓመት በፊት ከሦስት ሚሊዮን በላይ ፊርማ የያዘውን፣ የድምፅ መብት የሚጠይቀውን የቻርቲስቶች አቤቱታ ያው ፓርላማ አልቀበልም ብሎ ነበር። ዳቦ ላጣው ላብ አደር የቀረበለት የነገሥታት ሥዕል ሆነ። “ፓንች” የተባለው ሳምንታዊ መጽሔትም በጆን ሊች እጅ የራሱን “ካርቱን ቁጥር 1” አሳተመ፤ ቡቱቶ የለበሱ ድሆች የተንደላቀቁ ሰዎችን ሥዕል ሲመለከቱ ያሳያል። ቃሉ የዛሬውን ትርጉም የያዘው ከዚህ ወዲህ ነው።

በ1839 በኤግሊንተን ጥሩር ለብሰው ለጦር ግጥሚያ የወጡትን መኳንንት በመጀመሪያው ቀን ዶፍ ዝናብ በትኗቸዋል። ነገር ግን ናፍቆቱ ሁሉ ጨዋታ አልነበረም። በ1840ዎቹ “ወጣት እንግሊዝ” በሚል ስም የተሰባሰቡት ዲዝራኤሊና ጓደኞቹ የፋብሪካ ከበርቴውን ጭካኔ በትክክል አይተዋል፤ መድኃኒቱን ግን ከጌታና ከገባር ዘመን ፈለጉት። ፓንች አላገጠባቸው።

መጽሔቱ ራሱ ግን በፌዙ አልጸናም። በ1850 የቀጠረው ጆን ቴኒየል ለዚያው ፓርላማ የግድግዳ ሥዕል የሠራ ሰው ነበር፤ እስከ 1901 ድረስም ፈረሰኞችንና ጥሩራቸውን ደጋግሞ ሥሏል። በ1893 እሱም የጥንቱን የፈረሰኛ ማዕረግ፣ ናይትነትን፣ ተቀበለ።