የሶማልኛ ድምፆችና ተውላጠ ስሞች በጅጅጋና በአካባቢዋ ከተሞች

ቋንቋን አንድ ሰው ብቻውን ሊፈጥረው ይችላል። በ1887 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) ዛመንሆፍ የተባለ ሐኪም ኤስፔራንቶ የሚባለውን ቋንቋ ፈጥሮ በዋርሶ አሳተመ። የዚህ ቋንቋ ፊደላት 28 ሲሆኑ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ተውላጠ ስሞቹም ጥቂቶች ናቸው፤ «ሚ» ማለት እኔ፣ «ኒ» ማለት እኛ ሲሆን፣ «ቪ» የሚለው አንድ ቃል ግን አንተንም አንቺንም እናንተንም ያጠቃልላል። ሁሉን ነገር የወሰነው አንድ ሰው ስለ ሆነ ተማሪው ሕጉን ከመጽሐፍ አንብቦ መያዝ ይበቃዋል።

በጅጅጋ፣ ቀድሞ ተፈሪ በር ትባል በነበረችው በአውበሬ፣ በቶግ ውጫሌና በቀብሪ በያህ የሚነገረው ሶማልኛ ግን ማንም ያልፈጠረው፣ ከጥንት ጀምሮ በሕዝቡ አፍ የኖረ ቋንቋ ነው። በዚህ አገር የተፈጠረው ንግግሩ ሳይሆን ንግግሩን የማስተማሪያና የመጻፊያ ዘዴው ነው። ከመሐል አገር ለማስተማር፣ ለመንግሥት ሥራ ወይም ለንግድ የሚመጣ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ልዩነት ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ፊደሉን ማወቅ ድምፁን ማወቅ አይደለምና።

ከእነዚህ ዘዴዎች እጅግ የቆየው በቍርዓን ትምህርት ቤቶች የሚሰማው ነው። ሕፃናቱ በእንጨት ሰሌዳቸው ላይ የዓረብኛን አናባቢ ምልክቶች ሲማሩ ስማቸውን የሚጠሩት በሶማልኛ ነው። «አሊፍ ላ ኮርዸበይ» ከላይ የተሰመረበት ማለት ሲሆን «አ» ተብሎ ይነበባል፤ «አሊፍ ላ ሆስዸበይ» ከታች የተሰመረበት ማለት ሲሆን «ኢ» ይሆናል፤ «አሊፍ ላ ጎደይ» የታጠፈው ማለት ሲሆን «ኡ» ይባላል። ይህን ስያሜ ያወጡት መቃብራቸው ከሐርጌሳ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ አጠገብ የሚገኘው ሼኽ ዩሱፍ አልከውነይን እንደ ሆኑ በትውፊት ይነገራል።

በሃያኛው መቶ ዓመት ደግሞ ራሱን ሶማልኛን ለመጻፍ ልዩ ልዩ ፊደላት ተፈጠሩ። ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ ከ1920 እስከ 1922 ባለው ጊዜ በስማቸው ዑስማንያ የተባለውን ፊደል አወጡ። በ1933 ገደማ ከጅጅጋ ብዙ በማትርቀው በቦረማ ሼኽ ዐብዱረሕማን ሼኽ ኑር ሌላ ፊደል ፈጠሩ፤ ይህንንም የገደቡርሲ ፊደል እያሉ ብሪታንያዊው የሕዝቦች ባህል መርማሪ ሉዊስ በ1958 ጽፈውበታል። የገደቡርሲ ሕዝብ በቦረማም በአውበሬም ስለሚኖር ፊደሉ የድንበሩ የሁለቱም ወገን ጐረቤት ነው። በሐረርጌም ሼኽ በክሪ ሳጳሎ በ1956 ለኦሮምኛ የሚሆን የራሳቸውን ፊደል አዘጋጅተዋል። በኋላ በ1972 የሶማሊያ መንግሥት የላቲንን ፊደል መረጠ። በ1979 በኢትዮጵያ በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን ሶማልኛ በግዕዝ ፊደል ከተጻፉት 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ዛሬ በክልሉ ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት የላቲኑ ነው።

ፊደል አውጪዎቹ ሁሉ ከአንድ ችግር ጋር ተገናኝተዋል። ይኸውም በጐረሮ የሚነገሩት የ«ዐ» እና የ«ሐ» ድምፆች፣ እንዲሁም የምላስ ጫፍ ወደ ኋላ ታጥፎ ላንቃን ሲነካ የሚሰማው የ«ደ» ዓይነት ድምፅ ነው፤ ይህ በኦሮምኛ አጻጻፍ በታወቀው በ«ዸ» ፊደል እዚህ ተመልክቷል። የላቲኑ ጽሕፈት በእንግሊዝኛ «ሲ» የሚባለውን ፊደል ለ«ዐ»፣ «ኤክስ» የሚባለውን ለ«ሐ» አድርጎታል። ስለዚህ የጅጅጋን የሱቅ ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ልማድ የሚያነብ እንግዳ ይሳሳታል።

አማርኛ አንባቢ ግን ከሌላው እንግዳ የተሻለ መሣሪያ አለው። «ዐ» እና «አ»፣ «ሐ» እና «ሀ» በፊደል ገበታው ላይ ተለይተው ተቀምጠዋል። በአማርኛ አንደበት ልዩነታቸው ጠፍቷል፤ በትግርኛ ግን እስከ ዛሬ ይሰማል። ተማሪው የሞተ የመሰለውን ፊደል ሕያው ድምፅ አድርጎ ሊያነሣው ይገባል። በሶማልኛ «ዓኖ» ወተት ነው፤ «ኣኖ» ግን የደም በቀል ነው። «ሐል» መፍትሔ ሲሆን «ሀል» እንስት ግመል ናት። «ዸር» ልብስ፣ «ደር» ግን ጨምር ማለት ነው። ወተት የለመነ እንግዳ በቀል የለመነ እንዳይመስል ጐረሮውን ማለማመድ አለበት። ከዚህም በቀር ማንኛውም የተለመደ ጽሕፈት የማያሳየው ነገር አለ፤ «ኢነን» የሚለው ቃል የመጀመሪያው ክፍል ከፍ ብሎ ሲነገር ወንድ ልጅ፣ ሁለተኛው ከፍ ሲል ሴት ልጅ ይሆናል። ይህ የሚለየው በጆሮ ብቻ ነው።

ወደ ተውላጠ ስሞቹ ስንመለስ ተራቸው እንዲህ ነው፤ እኔ «አኒጋ»፣ አንተና አንቺ «አዲጋ»፣ እሱ «ኢሳጋ»፣ እሷ «ኢያዳ»፣ እናንተ «ኢዲንካ»፣ እነሱ «ኢያጋ»። የቀረው «እኛ» ሲሆን ይህ በሶማልኛ ሁለት ነው። «አናጋ» ሲባል (ና ይጠብቃል) ተናጋሪውና ወገኖቹ ማለት ነው፤ አድማጩ የለበትም። «ኢናጋ» ሲባል ግን (ይህም ይጠብቃል) አድማጩም አብሮ ይቈጠራል። ነጋዴ «በሪ ዋኑ ተገይና» ቢል «ነገ እንሄዳለን፣ አንተ ግን ትቀራለህ» ማለቱ ነው፤ «በሪ ዋይኑ ተገይና» ቢል ግን አድማጩ ጓዙን ማሰናዳት አለበት። ኤስፔራንቶን የፈጠረው ሰው ይህን ልዩነት በቋንቋው ውስጥ አላስገባውም፤ አማርኛም የለውም።

ልዩነቱ ወደ አገናዛቢም ይወርዳል። የውኃ ጕድጓድ «ዔል» ይባላል። «ዔልካያጋ» ያለ ሰው ጕድጓዱ የእኛ እንጂ የእናንተ አይደለም ብሏል፤ «ዔልኬና» ያለ ደግሞ ጕድጓዱ የሁላችን ነው ብሏል። ከብትና ግመል የሚያረባ ሕዝብ በውኃ ጉዳይ ሽማግሌ በሚቀመጥበት አገር ይህ የሰዋስው ጥቃቅን ነገር አይደለም። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ «ከተማችን» ሊል አስቦ በ«መጋለዴና» ፈንታ «መጋለዳያዳ» ቢል ባለአገሮቹን ከከተማቸው ያወጣቸዋል። አማርኛ ተናጋሪ ሳይመርጥ «እኛ» ማለት ስለ ለመደ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ስሕተት ይህ ነው።

አክብሮትን በተመለከተ ግን ሸክሙ የሚከብደው በሌላው ወገን ላይ ነው። አማርኛ የሚማር ሶማሌ አንተን፣ አንቺንና እርስዎን መለየት፣ «ጠ»ን፣ «ጨ»ን እና «ጸ»ን ማፈንዳት ይኖርበታል። በሶማልኛ «አዲጋ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ ክብሩ የሚገለጠው በዝምድና ስም ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው «አዴር»፣ የአባት ወንድም፣ ይባላል፤ ሴቷም «ኤዶ»፣ የአባት እኅት፣ ትባላለች። ሽማግሌውም ወጣቱን መልሶ «አዴር» ብሎ ሲጠራው ይሰማል፤ እንግዳው ይህን ሲሰማ በስሕተት የተነገረ እንዳይመስለው።

እንግዲህ ለጀማሪ የሚሻለው ቅደም ተከተል ይህ ነው። አስቀድሞ «ዐ»ን፣ «ሐ»ን እና «ዸ»ን ከባለ ቋንቋው አፍ ሰምቶ በግዕዝ ፊደል ለይቶ ይጻፋቸው። ከዚያ ሁለቱን «እኛ» ከነአገናዛቢያቸው ያጥና፤ አፉን በከፈተ ቍጥርም አድማጩን ጨምሮ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ራሱን ይጠይቅ። የላቲኑን ጽሕፈት ከዚህ በኋላ ቢማረው በጥቂት ቀን ይገባዋል፤ ድምፁን ሳያውቅ በጽሕፈቱ ቢጀምር ግን ወተትንና በቀልን ሳይለይ ለብዙ ጊዜ ይቈያል።