ስትሞቅ የምትጠፋዋ ቮልስ

ልጄ እህቱን ለሠርጓ የምወስዳት በፈረንጆች 1969 በተሠራችው ቮልስዋገኔ ነው ብሎ ምሏል። መኪናዋ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ግማሽ ሰዓት ከተነዳች በኋላ ግን ዳገት ላይ ቀጥ ትላለች፤ ሃያ ደቂቃ ጥላ ካገኘች ምንም እንዳልሆነ ሰው ትነሳለች። ሙሳክ ወስዷት «ካርቡራተሩ ይቀየር» ብለውታል፤ ዋጋው ደግሞ የሙሽራ ቀሚስ ያህላል።

እኔ በልጅነቴ ጎንደር ጋራዥ ውስጥ ረዳት ነበርኩ። ስለዚህ «ገንዘብህን አታውጣ፣ መጀመሪያ እኔ ልያት» አልኩት። እኩለ ቀን ላይ ሆን ብለን የሃይፋን የካርሜል ዳገት ወጣን። እንደጠበቅነው ጠፋች፤ መኪና ማቆሚያ ውስጥ አስገባናት።

«አባ፣ ትብረድና እንሂድ» አለኝ።

«አይ ልጄ፣ ከበረደች የምትነግረን ነገር የለም።»

ሞተር ሲሞቅ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚን ወይም እሳት ሲያጣ ነው። የትኛው እንደጎደለ የሚታወቀው እዚያው፣ እንደጋለ ነው። የአየር ማጣሪያውን አንስቼ የካርቡራተሩን ማንሻ በእጄ ሳብኩት፤ ውስጡ ቀጭን የቤንዚን ፍንጥቅታ ታየ። ቤንዚን አለ ማለት ነው። ባይኖር ኖሮ የታንኩን ክዳን እከፍት ነበር፤ ሲከፈት አየር ሲስብ ከተሰማና መኪናዋ ከዚያ በኋላ ከተነሳች መተንፈሻው ተደፍኗል። ካልሆነም ቤንዚኑ ቧንቧው ውስጥ በሙቀት ተንኖ ይሆናል። ብዙ ሰው ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይጥልና ስትነሳ «አገኘሁት» ይላል። እኔ ይህን አላምነውም፤ ጨርቁ እስኪሠራ ሌላውም ዕቃ አብሮ ይበርዳል።

ማጣሪያውን መለስኩ፤ የቤንዚኑ ሽታ ሲጠፋ ትርፍ ካንዴላ ከገመዱ ጋር አያይዤ ብረቱን ሞተሩ ላይ አስደገፍኩት። በእጅ አይያዝም፣ ክፉኛ ይመታል። ልጄ ቁልፉን ሲያዞር ሰማያዊ ብልጭታ መታየት ነበረበት። ምንም የለም! የሙሳኩ ካርቡራተር ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

የተጠረጠሩት ኮንደንሰሩና ቦቢናው ናቸው። ኮንደንሰሩ ርካሽ ስለሆነ ከእሱ ጀመርን፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ ልጄ ከጓደኛው የተዋሰውን ደህና ቦቢና አሰርን፤ ሞተሩ ገና እንደጋለ ነበር። ብልጭታው መጣ፣ መኪናዋም ተነሳች። ቮልስ ላይ ቦቢናው ከሞተሩ ማራገቢያ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ሲያረጅ ሙቀት ያላላዋል፣ ይቋረጣል፤ ሲበርድ ደግሞ ይገጥማል። ለዚህ ነው ጥላ ስታገኝ የምትድነው።

ልጄ ለመኪናዋ የሚስማማ አዲስ ባለ 12 ቮልት ቦቢና ገዛ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ዳገቱን ሦስት ጊዜ ወጣናት። በሦስተኛው ጊዜ ሙሽራዋ ራሷ ከኋላ ተቀምጣ ነበር።