ጭላዳና ሚዛኑ፦ እንስሳት የበሉትን ከፀጉራቸውና ከቀንዳቸው ስለማንበብ

አንድ የዱር እንስሳ ምን እንደሚበላ ለማወቅ ተከታትሎ ማየት የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ዋልያ ገደል ለገደል ይውላል፤ ጉም ሲወርድ ጭላዳው ከዓይን ይሰወራል፤ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በፊት የሞተውን ደግሞ ማንም አላየውም። ሳይንስ ለዚህ ካገኛቸው መፍትሔዎች አንዱ የበላተኛውን አካል ራሱን መጠየቅ ነው። ጸሐፊው የሥነ ሕይወት ባለሙያ ሳይሆን መሐንዲስ ነውና፣ ዘዴውን እንደ አንድ የመለኪያ መሣሪያ አይቶ እንዴት እንደሚሠራና በእኛ ደጋ ላይ ለምን ጥንቃቄ እንደሚሻ ለማስረዳት ይሞክራል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ካርቦኖች

በተፈጥሮ ከሚገኘው ካርቦን 98.9 በመቶው 12 ይመዝናል፤ 1.1 በመቶ ያህሉ ግን አንድ ኒውትሮን ስለሚጨምር 13 ይመዝናል። ሁለቱ የካርቦን አይሶቶፖች ይባላሉ። የቅሪት ዕድሜ እንደሚለካበት ካርቦን 14 በጊዜ ብዛት ስለማይፈርሱ “የተረጋጉ” የሚል ስም ተሰጥቷቸዋል። ዕፀዋት ከአየር ካርቦን ሲወስዱ ቀላሉን ያስበልጣሉ፤ ምን ያህል እንደሚያስበልጡ ግን እንደየወገናቸው ይለያያል።

ዛፍ፣ ቁጥቋጦ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላና እንሰት በፎቶሲንተሲስ መጀመሪያ የሚሠሩት ውህድ ሦስት ካርቦን አለው። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳና አብዛኛው የቆላ ሣር ደግሞ አራት ካርቦን ያለው ውህድ ይሠራሉ። ከዓለም አቀፉ መመዘኛ ጋር ሲነጻጸሩ ባለሦስቶቹ ከባዱ ካርቦን ከሺህ 27 ያህል ይጎድላቸዋል፤ ባለአራቶቹ ከሺህ 13 ያህል ብቻ። ይህ ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ወደ በላተኛው አካል ሲተላለፍ አይጠፋም። ዲኒሮና ኤፕስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች አመጋገባቸው የታወቀ እንስሳትን መርምረው ይህንኑ በ1978 አሳዩ፤ በ1981 ደግሞ ናይትሮጅንን ጨመሩ። ናይትሮጅን 15 ከሣር ወደ ሣር በል፣ ከሣር በል ወደ ሥጋ በል ሲያልፍ በየእርከኑ ከሺህ 3 እስከ 4 ያህል ከፍ ይላል። በዚህ ሂሳብ፣ የጤፍ እንጀራ በልቶ ያደገ ሰው ጄኔቭ ገብቶ የስንዴ ዳቦ ቢያዘወትር፣ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚያድገው ፀጉሩ ለውጡን ይመዘግበዋል።

ለመለካት ከአንድ ሚሊ ግራም ያነሰ ፀጉር ይበቃል። ፀጉሩ ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የኤሌክትሪክ ሙል እንዲይዝ ተደርጎ በማግኔት መካከል ያልፋል። 44 የሚመዝነው ሞለኪውል አብዝቶ ይታጠፋል፤ 45 የሚመዝነው አነስ አድርጎ፤ ሁለቱም በየፊናቸው ይቆጠራሉ። በጄኔቭ አጠገብ በሰርን 27 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የምድር ውስጥ ዋሻ ቅንጣቶችን የሚያጥፈውም ሕግ ይኸው ነው። ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው የእኛው መሣሪያ ግን አንድ ክፍል ይበቃዋል።

ዘዴው ለአገራችን ጥንተ ታሪክ ብዙ ጠቅሟል። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ሚሊዮን ዓመታት ይቆያልና፣ በአራሚስ የተገኘው የ4.4 ሚሊዮን ዓመቱ የአርዲ ዝርያ በአብዛኛው ከዛፍና ከቁጥቋጦ ወገን ይመገብ እንደነበር ታውቋል። በሐዳርና በዲኪካ የተገኙት የድንቅነሽ ዝርያ ጥርሶች ግን፣ በ2013 እንደታተመው ጥናት፣ ባለአራት ካርቦን ምግብ በብዛት እንደተጨመረ አሳይተዋል። ሣሩን ራሱን ይብሉ ወይስ ሣር የበሉ ነፍሳትን፣ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም።

የጭላዳው እንቆቅልሽ

ጭላዳ ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ዋና ምግቡ ሣር የሆነ ብቸኛው ፍጥረት ነው። እንግዲያው ፀጉሩ ባለአራት ካርቦን ሊያሳይ ይገባው ነበር፤ በቆላ የኖሩት የጥንት ዘመዶቹ ጥርሶች በእርግጥም ይህንኑ ያሳያሉ። የሰሜን ተራሮችና የመንዝ ጓሳ ጭላዳ ግን ሌላ ነው። ባለአራት ካርቦን ሣር ሙቀት ወዳድ ስለሆነ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ብርዱ ሲበረታ ስፍራውን ለባለሦስት ካርቦን ሣር ይለቃል። ስለዚህ ሲነጋ እስኪመሽ ሣር ሲነጭ የሚውለው ጭላዳ በመሣሪያው ላይ ቅጠል በል መስሎ ይወጣል። ስህተቱ ያለው የቆላ ሚዛን ይዞ ደጋ በወጣው ተመራማሪ ዘንድ ነው።

ይህ የላቦራቶሪ ቅንጦት እንዳይመስለን። በ1978 የዓለም ቅርስ የሆነው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ የዋልያ ቁጥር በመመናመኑና እርሻና ግጦሽ በመስፋፋቱ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። ከዚያ በፊት በ2016 ግጭ የተባለው መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ከብትና በግ የዋልያውን ግጦሽ ምን ያህል ይሻማሉ ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፣ የዋልያውንም የገበሬውንም ዕጣ ይወስናል ማለት ነው።

የዙሪክ ዩኒቨርሲቲው በርንሃርድ ኒፈርጌልት ዋልያን በተራራው ላይ ተከታትለው አጥንተው በ1981 መጽሐፍ አሳትመዋል። ዛሬ በዚያ ላይ የቀንዱ ምስክርነት ሊታከልበት ይችላል፤ የዋልያ ቀንድ በየዓመቱ ቀለበት እየጨመረ ስለሚያድግ የምግቡ ዜና መዋዕል ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ከፍታ ሣሩም፣ ቁጥቋጦውም፣ ገብሱም ባለሦስት ካርቦን ስለሆኑ ካርቦን ብቻውን አይለያቸውም። ናይትሮጅኑን፣ ከበጠጡ የሚነበበውን ዘረመልና የዓይን ምልከታን ማጣመር ግድ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ሚዛኑ በአገሩ ዕፅዋት መስተካከል አለበት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት ጥራዝ በ2009 ተጠናቋል፤ የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ዕውቀቱ እዚያው አለ። በውጭ ያለን ምሁራን አገር እንርዳ ስንል ቶሎ የሚታየን መሣሪያ ገዝቶ መላክ ነው። ከደባርቅ እስከ ራስ ደጀን በየከፍታው ሣርና ቁጥቋጦ ሰብስቦ፣ ለክቶ፣ ሰንጠረዥ የሚያዘጋጅ አንድ የአገር ቤት ተማሪ መደገፍ ግን ወጪው ያነሰ፣ ጥቅሙም የሰፋ ነው። ያ ሰንጠረዥ ሳይኖር የሚነበብ ቁጥር ዋልያውንም ገበሬውንም ሊበድል ይችላል። አባቶች ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ያሉት ለዚህም ይሠራል።